ስለ ወግና ስለ «አሉ»

«ወግ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ዋና ዋና ትርጉሞች አሉት። አንደኛው ሥርዓትና ልማድ ማለት ነው፤ «የአገሩን ወግ ጠብቆ ልጁን ዳረ» ሲባል የምናገኘው ይህን ትርጉም ነው። ሁለተኛው ጭውውት፣ ጨዋታ ማለት ነው፤ «ወጋችንን ስንጠርቅ መሸብን» ስንል የምናስበው እርሱን ነው። በዚህ ንባብ የምንመለከተው ሁለተኛውን ይሆናል። የመጀመሪያውንም ቢሆን ፈጽመን አንተወውም፤ ጭውውትም እንደ ሠርግና እንደ ለቅሶ የራሱ ሥርዓት አለውና።

ወግ ምን ዓይነት ነገር እንደ ሆነ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በደካም ሆነ በቦንጋ፣ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲጠራራ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። አቦሉ እስኪቀዳ ድረስ ሰዎቹ ስለ ጤንነት፣ ስለ ልጆችና ስለ ዝናቡ ይጠያየቃሉ። ቶናው ሲደርስ ጨዋታው ይፈታል። አንዱ በመንገድ ያየውን እንግዳ ነገር ያነሣል፤ ሌላው ያንን ይዞ በራዲዮ የሰማውን ይጨምርበታል፤ ሦስተኛው «እርሱስ ምን ይገርማል!» ብሎ አያቱ ያጫወቱትን ያስከትላል። ከማር ወደ ንብ፣ ከንብ ወደ ጉሬዛ፣ ከጉሬዛም ወደ ትምህርት ቤቱ ደወል ይኬዳል። በረካው በሚጠጣበት ጊዜ ነገሩ ከምን እንደ ተነሣ የሚያስታውስ ሰው አይገኝም። አማርኛ ይህን ዓይነቱን ጨዋታ «የባጥ የቆጡን ማውራት» ይለዋል።

አነጋገሩ ጥቂት ነቀፋ አለበት። ይሁን እንጂ የባጥ የቆጡ ወግ የሥራ ፈቶች ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው በራሱ ዐይን ሊያየውና በራሱ ጆሮ ሊሰማው የሚችለው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ስለ ዓለም የምናውቀው አብዛኛው ነገር ሌላ ሰው አይቶ ወይም ሰምቶ ያካፈለን ነው። ባልንጀሮች ሲጨዋወቱ ዐይንና ጆሮ ይዋዋሳሉ ማለት ይቻላል። ብድር ደግሞ፣ እንደምታውቁት፣ ከማን እንደ ተገኘ ሊረሳ አይገባውም።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ያዘጋጃቸው መሣሪያዎች አሉት። ማለዳ ከቤት ስትወጡ መሬቱ ርሶ አገኛችሁት እንበል። ሌሊቱን ነቅታችሁ የጣራውን ድምፅ ሰምታችሁ እንደ ሆነ «ሌሊት ዘነበ» ትላላችሁ። ተኝታችሁ አድራችሁ ጭቃውን ብቻ ያያችሁ እንደ ሆነ «ሌሊት ዘንቦ ኖሯል» ማለት ይቀናችኋል። ጅማ ሳላችሁ ከቦንጋ የመጣ ሰው ቢነግራችሁ «ቦንጋ ዘነበ አሉ» ትላላችሁ። ማንም ሳይነግራችሁ ደመናውን ከሩቅ አይታችሁ ስትገምቱ ደግሞ «ቦንጋ ሳይዘንብ አልቀረም» ትላላችሁ። በአራቱም ዓረፍተ ነገሮች የተነገረው ስለ ዝናብ ነው፤ የተለያየው ተናጋሪው ዕውቀቱን ያገኘበት መንገድ ነው። አንደኛው በጆሮው ሰምቷል፣ ሁለተኛው ከምልክቱ ተረድቷል፣ ሦስተኛው ተነግሮታል፣ አራተኛው ገምቷል።

ከአራቱ መካከል ለወግ የሚቀርበው «አሉ» ነው። ይህ ቃል መናገርን ከሚያመለክተው «አለ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ መደቡ ሦስተኛ፣ ቁጥሩም ብዙ ነው። በጽሕፈት «ብዙ ሰዎች አሉ» ከምንለው፣ መኖርን ከሚያመለክተው «አሉ» ጋር አንድ ነው፤ በንባብ ግን የመኖሩ «አሉ» ይጠብቃል፣ የመናገሩ «አሉ» ይላላል። እንደ ሌላው ግሥ ቢሆን ኖሮ ባለቤት በኖረው ነበር። ነገር ግን «ዘነበ አሉ» ብላችሁ «እነማን ናቸው ያሉት?» ብትባሉ ብዙ ጊዜ የምትጠሩት ስም አይኖራችሁም፤ ያለው ሰውም አንድ ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ቃሉ በዓረፍተ ነገር መጨረሻ እንዲህ ሲገባ «ሰማሁት እንጂ አላየሁትም» የሚል ምልክት ሆኖ ያገለግላል።

ነገር ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ መጀመሪያ ከመንገድ የምትቀረው ይህች ትንሽ ቃል ናት። አንድ ልጅ «ወደ ገበያ የሚወስደው ድልድይ ተሰበረ አሉ» ይላል። የሰማው ባልንጀራው ለሌላው ሲያወራ «ድልድዩ ተሰበረ» ይላል። ሦስተኛው «ድልድዩ ስለ ተሰበረ ነገ ገበያ የለም» ይላል። ከሦስቱ አንዳቸውም ሆን ብለው አልዋሹም። ድልድዩም ምናልባት አንድ እንጨት ብቻ ጎድሎት ሊሆን ይችላል። ሆኖም ማሩን ጭኖ ሊወጣ ያሰበው ገበሬ በማግሥቱ ከቤቱ ይውላል፤ ለልጁ ደብተር የሚገዛበት ገንዘብም ለሌላ ሳምንት ይተላለፋል።

ሽማግሌዎቻችን ይህን ዓይነቱን አደጋ ስለሚያውቁ በ«አሉ» የማይነገር ነገር ለይተዋል፤ እርሱም መርዶ ነው። መርዶ የሚነግሩ ሰዎች አስቀድመው ነገሩን ያጣራሉ፤ ዘመድ ወዳጅ ያሰባስባሉ፤ ብዙውን ጊዜም ማልደው በአንድነት ሄደው ይነግራሉ። «እገሌ ሞተ አሉ» ብሎ በደጃፍ ላይ ጥሎ መሄድ ነውር ነው።

በአፋር ደግሞ ዳጉ የሚባል የታወቀ ልማድ አለ። ሁለት መንገደኞች በበረሃ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ይቀመጡና በየመንገዳቸው ያዩትንና የሰሙትን በተራ ይነጋገራሉ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ሰላም ይጠያየቃሉ። የሚናገረው ያየውንና የሰማውን ለይቶ እንዲናገር ይጠበቅበታል። በአፋር ምድር የተሳሳተ ወሬ ማለት ውኃ ወደሌለበት መንጋ መንዳት ሊሆን ስለሚችል፣ ሐሰት የተናገረ ሰው በወገኖቹ ዘንድ ይዋረዳል። ከቡናው ወግ ጋር ስናስተያየው ዳጉ ጠንከር ያለ ነው፤ የቡናው ወግ ሳቅ ይፈቅዳል፣ ዳጉ ግን የሥራ ጉዳይ ነው።

ወደ ከፋ እንመለስና ሁላችሁም የምታውቁትን አንድ ወግ እንመርምር። ካልዲ የተባለ እረኛ ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲፈነድቁ አየ፤ ፍሬውን ወደ መነኮሳት ወሰደ፤ መነኮሳቱም በፍሬው ኃይል ሌሊቱን በጸሎት ነቅተው አደሩ፤ ቡናም በዚህ ታወቀ። ይህን ታሪክ ያልሰማ ተማሪ በመካከላችሁ ያለ አይመስለኝም። ነገሩ የሆነው በከፋ፣ ከቦንጋ ብዙ በማይርቀው በማንኪራ ደን ነው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። በጅማ ዞን በጎማ ወረዳ ብትሄዱ ደግሞ ጮጬ በተባለው ቦታ ነው ይሏችኋል። ዘመኑን የሚጠቅሱ ሰዎችም በ9ኛው መቶ ዓመት ነበር ይላሉ።

ታሪኩ በጽሑፍ ቀድሞ የሚገኘው በ1671 እ.ኤ.አ. በሮም በታተመ ስለ ቡና በሚናገር መጽሐፍ ነው። ጸሐፊው በሮም ያስተምር የነበረው ማሮናዊው ሊቅ ፋውስቶ ናይሮን ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ እረኛው ስም የለውም። እንስሶቹም ግመሎች ናቸው፤ ፍየሎች ናቸው የሚሉም እንዳሉ ጸሐፊው ይጠቅሳል። አገሩ ደግሞ ኢትዮጵያ ሳይሆን የመን ነው። «ካልዲ» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ በኋላ በተጻፉ ጽሑፎች ነው። ሆነ በተባለበት ዘመንና በተጻፈበት ዘመን መካከልም 800 ዓመት ያህል አለ። እንግዲህ ናይሮን ራሱ «አሉ» ብሎ የጻፈውን ወግ፣ በኋላ የመጡ ሰዎች «አሉ»ን አንሥተው በምትኩ ስም፣ ቦታና ዘመን አስገቡበት ማለት ነው። ወግ ሲሸመግል ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ዝርዝሩ እየበዛ፣ ምስክሩ እየጠፋ ይሄዳል።

ይህን መናገር የከፋን ክብር የሚቀንስ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። አረቢካ የተባለው የቡና ዘር በተፈጥሮው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ እንደሚበቅል፣ የዘሩም ዓይነት በዚያ እጅግ ብዙ እንደ ሆነ የዕፀዋት ሊቃውንት በምርመራ አረጋግጠዋል። በደኑ ውስጥ ማንም ሳይተክለው የበቀለው ቡና ከአንድ እረኛ ይልቅ የጸና ምስክር ነው። እንዲሁም የአውሮጳውያኑ «ካፌ»ና «ኮፊ» የሚሉት ቃላት «ከፋ» ከሚለው የቦታ ስም ወጡ ሲባል እንሰማለን። ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ግን ቃላቱን «ቀህዋ» ከሚለው የዓረብኛ ቃል ያመጧቸዋል። በከፋ ቋንቋ ቡና «ቡኖ» ይባላል፤ ዓረቦችም ፍሬውን «ቡን» ይሉታል። እኔ ብጠየቅ «ከፋ»ና «ኮፊ» ከመመሳሰላቸው ይልቅ «ቡኖ»፣ «ቡና»ና «ቡን» መመሳሰላቸው የበለጠ ያስደንቀኛል።

ከዚህ ተነሥታችሁ «አሉ» የተባለ ነገር ሁሉ ተረት ነው እንዳትሉ አንድ ሌላ ነገር ላክል። በከፋ ደን ውስጥ አንበሳ አለ አሉ። (የፊተኛውን አጥብቃችሁ፣ የኋለኛውን አላልታችሁ አንብቡ።) ይህ ወሬ በአካባቢው ሰዎች ዘንድ ሲነገር የኖረ ነው። ከሩቅ የሚሰማ ሰው ግን ይጠራጠራል፤ አንበሳ በሣር ሜዳና በቁጥቋጦ ምድር የሚኖር አውሬ እንጂ በጥቅጥቅ ዝናባማ ደን የሚገኝ አይመስልምና። በ2012 እ.ኤ.አ. ናቡ የተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር በዚሁ በከፋ ባዮስፌር ክልል ውስጥ የተነሣ የአንበሳ ፎቶግራፍ ይፋ አደረገ። ይህ ክልል ከ700 ሺህ ሄክታር በላይ ስፋት ያለው ሲሆን፣ ዩኔስኮ የመዘገበው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያን ጊዜ «አለ አሉ» ይባል የነበረው «ኖሯል» ተባለ። ፎቶግራፉ አንበሳው በደኑ ዓመቱን ሙሉ ይኑር ወይስ እግረ መንገዱን ይለፍ አይናገርም፤ መኖሩን ግን መስክሯል። ደን ጠባቂውና ማር ቆራጩ በቡና ላይ ያወሩት ወግ ስለ እውነተኛ አውሬ ነበር።

አሁን ደግሞ ጭውውት ወደ ጽሑፍ ሲለወጥ የሚሆነውን እንይ። ወግ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ራሱን የቻለ የድርሰት ዓይነት ነው። መስፍን ሀብተ ማርያም «የቡና ቤት ሥዕሎች» በተባለው መጽሐፋቸው በዚህ የድርሰት ዓይነት በሰፊው ታውቀዋል። የወግ ጸሐፊ በአካባቢው ያየውን ተራ የሚመስል ነገር አንሥቶ፣ ከባልንጀራው ጋር እንደሚጫወት ሰው ለአንባቢው ያካፍላል። ችግሩ አንባቢው ፊቱን ለማየት አለመቻሉ ነው። በቡና ላይ የተናጋሪው ፈገግታ፣ የትከሻው መነቅነቅ፣ የድምፁ መለሳለስ «ይህን እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም» ይላሉ። በወረቀት ላይ ይህ ሁሉ የለም፤ የቀረው ቃሉ ብቻ ነው።

ጀማሪ ጸሐፊዎች በዚህ ቦታ «ይባላል» በሚለው ቃል መሸሸግ ይወዳሉ። «ይባላል» ከ«አሉ» ይልቅ የተማረ ሰው አነጋገር ይመስላል፤ ነገር ግን ማን እንዳለው ለመደበቅ ከ«አሉ» ይልቅ ይመቻል። ከሁለቱም የሚሻለው የተናገረውን ሰው መጥራት ነው። «ይህን ያጫወቱኝ አጎቴ ናቸው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያ ከገባ በየመስመሩ «አሉ» እያሉ አንባቢን ማሰልቸት አያስፈልግም።

ዛሬ ባልንጀሮች የሚገርማቸውን ነገር የሚካፈሉት በቡና ዙሪያ ብቻ ሳይሆን በእጅ ስልካቸውም ጭምር ነው። በቴሌግራም አንድን መልእክት እንዳለ ለሌላ ሰው ስታስተላልፉ ከላዩ ከማን እንደ ተላለፈ የሚያሳይ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ አብሮ ይሄዳል። ያ ጽሑፍ የስልኩ «አሉ» ነው። ቃሉን ብቻ ገልብጣችሁ በራሳችሁ ስም ስትልኩት ግን ይቀራል፤ የሚደርሰው ሰውም እናንተ አይታችሁ የጻፋችሁት ይመስለዋል።

ቀጥሎ ያሉትን ሁለት አጫጭር ጽሑፎች አስተያዩ። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «የከፋ ሰው ቀፎውን ከረጅም ዛፍ ላይ ይሰቅላል። ንብ ባለቤቷን በጠረኑ ስለምታውቀው አትነድፈውም።» ሁለተኛው እንዲህ ይላል፦ «አጎቴ ቀፏቸውን ከረጅም ዛፍ ላይ ይሰቅላሉ። ንብ ባለቤቷን በጠረኑ ታውቀዋለች ይላሉ። እኔ ያየሁት ግን፣ ማር ሊቆርጡ በወጡ ቁጥር የሚጤስ እንጨት ይዘው መውጣታቸውን ነው።» በመጀመሪያው ጽሑፍ ውስጥ ማንም ሰው የለም። በሁለተኛው ውስጥ አጎትየው አሉ፣ የሚያያቸው ልጅ አለ፣ ጭሱም አለ፤ ስለ ንቢቱ ዕውቀትም አንባቢው ራሱ ይፈርዳል።

በዚህ ሳምንት ከባልንጀራ ወይም ከዘመድ የሰማችሁትን አንድ የሚገርም ነገር ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ወግ ጻፉ። በራሳችሁ ዐይን ያያችሁትን፣ ከምልክት የተረዳችሁትንና የሰማችሁትን በግሦቻችሁ ለዩ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ለነገራችሁ ሰው አንብቡለት፤ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ያላችሁ እንደ ሆነ፣ አልኩ የሚለውን በገጹ ኅዳግ ላይ ጻፉበት።