«አይችልም» ከማለታችን በፊት

እዚህ ካኩማ በየብሎካችን አንድ ሁለት አይጠፉም። ሰው ዓይን ዓይን የማያይ፣ ጫጫታ ሲበዛ ጆሮውን የሚደፍን፣ አንዱን ጥያቄ ደጋግሞ የሚጠይቅ ወጣት አለ። ስምንት ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሳ ማንበብ ያቃታት ልጃገረድም አለች። «እሱ ጤነኛ አይደለም፣ እሷ ደንቆሮ ናት» ይባላል፤ ወላጅም አፍሮ ከቤት ያውላቸዋል። ዕድሜ ግን አይጠብቅም። ራሽኑ እየቀነሰ፣ እናትም እየደከመች ስትሄድ «እኔ ከሞትኩ ምን ይውጠዋል?» የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ይነሣል። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያሉ ወገኖቻችን ሥራ ይዘው እንዲቆዩበት የሚያስችል እገዛ ምን እንደሚመስል ለማስረዳት ይሞክራል።

እነማን ናቸው?

ኦቲዝም ያለባቸው፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው፣ ትኩረታቸው ቶሎ የሚበተን፣ ፊደል የሚምታታባቸው ሰዎች አሉ። የየራሳቸው ልዩነት ቢኖራቸውም አእምሮአቸው ከብዙዎቻችን በተለየ መንገድ ይሠራል። ይህ እርግማን አይደለም፣ አይተላለፍም፣ የእናትም ጥፋት አይደለም። በአዲስ አበባ ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ሳይደብቁ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲያቋቁሙ ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ከጓዳ አወጡ። ልጅ ግን ያድጋል፤ ላደገ ሰው ደግሞ ሥራ ያስፈልገዋል።

ከብስክሌት ፍሬን የተገኘ ትምህርት

ቀደም ሲል የነበረው ልማድ «መጀመሪያ ይሠልጥን፣ ሲበቃ ሥራ ይገባል» የሚል ነበር። በዚህ መንገድ ብዙዎች ዓመታት ሙሉ ሲሠለጥኑ ኖረው ሥራውን ሳያዩት ቀሩ። አንዱን ነገር በአንድ ቦታ የተማረ ሰው ወደ ሌላ ቦታ ሲሄድ እንደ አዲስ ሊሆንበትም ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ማርክ ጎልድ የተባለ የልዩ ትምህርት ባለሙያ ሌላ መንገድ አሳየ። ምንም አይችሉም የተባሉ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች 15 ክፍሎች ያሉትን የብስክሌት ፍሬን መገጣጠም አስተማራቸው። ሥራውን በትናንሽ ደረጃዎች ከፋፈለው። ብዙ አልተናገረም፤ በእጅ ያሳያል፣ ሲሳሳቱም «በሌላ መንገድ ሞክር» ይላል። ተማሪው ካልያዘው ጥፋቱን የሚፈልገው በአስተማሪው ዘዴ ላይ ነበር።

ከዚህና ከመሰል ሥራዎች በመነሣት ሰውየውን በቀጥታ እውነተኛ ሥራ ላይ አስገብቶ እዚያው ከጎኑ ሆኖ ማሠልጠን ተስፋፋ። የአሜሪካ ሕግም እ.ኤ.አ. በ1986 ለዚህ ዓይነቱ እገዛ ዕውቅና ሰጠ።

አሠልጣኙ ምን ያደርጋል?

አንደኛ፣ ሰውየውን ያጠናል። ምን ይወዳል? ምን ያስጨንቀዋል? ጫጫታ የሚያስጨንቀውን ሰው ወፍጮ ቤት ማስገባት ተገቢ አይሆንም። ኦቲዝም ያለበት ሁሉ ደግሞ በሒሳብ ጎበዝ ነው ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ሥራውን ይከፋፍላል። ለምሳሌ ዳቦ ማሸግ፦ እጅን መታጠብ፣ ፌስታሉን መክፈት፣ አሥር ዳቦ ቆጥሮ መክተት፣ አፉን ማሰር፣ ሣጥን ውስጥ መደርደር። ማንበብ ለማይችል በሥዕል ተሥሎ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

ሦስተኛ፣ ቀስ በቀስ ይርቃል። መጀመሪያ አብሮ ይሠራል፣ ቀጥሎ በጣት ብቻ ያመለክታል፣ ኋላም ራቅ ብሎ ያያል። ጨርሶ ግን አይጠፋም። ብዙዎች ሥራ የሚያጡት ባለቤቱ ሲቀየር፣ ሰዓቱ ሲለወጥ ወይም ጠብ ሲነሣ ነው፤ በዚያን ጊዜ የሚጠራ ሰው ሊኖር ይገባል።

አራተኛ፣ አሠሪውንም ያሠለጥናል። እኛ ኢትዮጵያውያን ነገርን በዙሪያ ጥምጥም መናገር እንወዳለን። ይህ ግን ቃልን እንደ ወረደ ለሚሰማ ሰው ወጥመድ ይሆንበታል።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪዬን «ክፍሉን ይረብሻል» ብዬ አስወጣሁት። ኋላ ዳቦ ቤት ተቀጠረ። ባለቤቱ «ዓይንህን ከእሳቱ ላይ እንዳትነቅል» ብሎት ወጣ። ልጁም እንደተባለው እሳቱን ብቻ ሲመለከት ዋለ፤ ዳቦው ከሰለ። በማግሥቱ ተባረረ። ሌላ ዳቦ ቤት ሲገባ ግን ታላቅ እኅቱ ሁለት ሳምንት ከጎኑ ተቀመጠች። ባለቤቲቱንም «እማማ፣ ‹ይህ ሰዓት እዚህ ሲደርስ ዳቦውን አውጣ› ይበሉት» አለቻቸው። ይኸው ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። አንድም ቀን አርፍዶ እንደማያውቅ ባለቤቲቱ ራሳቸው ነግረውኛል። ልጁ ያው ልጅ ነው፤ የተለወጠው አነጋገራችን ነው። እኔም ያን ጊዜ ከክፍል ማስወጣት የነበረብኝ ልጁን ሳይሆን የማስተማሪያ ዘዴዬን እንደነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ደመወዙስ?

ሥራው «ለጽድቅ» ተብሎ የሚሰጥ መሆን የለበትም። ሌላው ሠራተኛ የሚከፈለውን ያህል ሊከፈለው፣ ገንዘቡም በእጁ ሊገባ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 27 ከሌሎች ጋር እኩል የመሥራትን መብት ያረጋግጣል፤ የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውንም ይመለከታል። ኬንያም ኢትዮጵያም ስምምነቱን ተቀብለዋል። በመሆኑም ዘመድ «እሱ ምን ያደርግለታል» እያለ ደመወዙን ቢወስድበት፣ አሠሪም በምሳ ብቻ ቢያሠራው በደል ነው።

በመጨረሻም፣ አሠልጣኝ ለመሆን ዲፕሎማ የግድ አይደለም። ትዕግሥት ያላት እኅት፣ አንድ ጎረቤት ወይም ጡረታ የወጡ አባት ሊሆኑ ይችላሉ። ሱቅ፣ እንጀራ ቤት ወይም የልብስ ስፌት ያላችሁ ወገኖች በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት ቦታ ብትሰጡ ለመነሻ ይበቃል። ወላጆችም ልጃችሁን ነገ ጧት ከቤት አንድ ሥራ መርጣችሁ፣ ከፋፍላችሁ አሳዩት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳልና።