የቤት ውኃ ማሞቂያ ሲለወጥ ሊታወቅ የሚገባው ነገር

በከተማዎቻችን መብራትና የቧንቧ ውኃ የገባለት ሰው፥ አቅሙ በፈቀደለት ጊዜ በመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የውኃ ማሞቂያ በርሜል ማሰቀሉ የተለመደ ሆኗል። በተለይም እንደ ደብረ ብርሃን ባሉት፥ ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኙት የደጋ ከተሞች፥ በኅዳር ውርጭ የማለዳ ውኃ እጅን እንዴት እንደሚያደነዝዝ የሚያውቅ ሰው፥ ይህን ዕቃ ቅንጦት ነው ብሎ አይነቅፈውም።

ነገር ግን ማሞቂያ ሲኖር የሚኖር ዕቃ አይደለም። እንደ ውኃው ጠባይና እንደ አያያዙ፥ ከዓመታት በኋላ ሆዱ በዝገት ይበሳል፤ ያን ጊዜ አሮጌው ወርዶ አዲስ ይሰቀላል። ብዙ ሰው ይህን ሥራ አምፑል እንደ መለወጥ ይቈጥረዋል። ዳሩ ግን አደጋ ወደ ቤት የሚገባው ብዙውን ጊዜ በዚሁ በመለወጡ ቀን ነው። አሮጌው ማሞቂያ ያለ ችግር ሲያገለግል የኖረው፥ ባለቤቱ በማያውቀው ነገር ተጠብቆ ሊሆን ይችላል፤ አዲሱ ሲተከል ያ ጥበቃ ሳይታወቅ ይፈርሳል።

ከዚህ ሁሉ ዋናው የመሬት ሽቦ ጉዳይ ነው። በበርሜሉ ውስጥ ውኃውን የሚያሞቀው ዘንግ፥ ከውጭ የብረት ቱቦ፥ ከውስጥ ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ቀጭን ሽቦ ነው፤ በሁለቱ መካከል ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ነጭ ዱቄት ተሞልቷል። ቱቦው በዝገት ወይም በቃጠሎ ሲሰነጠቅ ኤሌክትሪኩ ወደ ውኃውና ወደ በርሜሉ ብረት ይወጣል። የመሬት ሽቦ ካለ ኃይሉ በዚያ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። ከሌለ ግን መንገድ የሚሆነው ከሻወሩ በታች በባዶ እግሩ ቆሞ የሚታጠበው ሰው ነው።

ቀድሞ በተሠሩት ቤቶች የውኃው መሥመር የተዘረጋው በብረት ቧንቧ ነበር። ያ ቧንቧ ከመሬት ውስጥ ወጥቶ የሚመጣ ስለ ሆነ፥ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው የመሬት ሽቦ ያላስገባ እንኳ ቢሆን፥ ማሞቂያውን ማንም ሳያስበው ከመሬት ጋራ ሲያገናኘው ኖሯል። ዛሬ አሮጌው ቧንቧ ሲዝግ የሚተካው በፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ አይዝግም፥ ለውኃም መልካም ነው፤ ኤሌክትሪክ ግን አያስተላልፍም። ስለዚህ ባለቤቱ ማሞቂያውንና ቧንቧውን ባንድ ሳምንት ሲያሳድስ፥ ቤቱ የነበረውን አንድ የመሬት መስመር ቈርጦ መጣሉ ሊሆን ይችላል። ገንዘብ አውጥቶ ቤቱን ያሻሻለ ሰው፥ ባሻሻለው መጠን ለአደጋ መጋለጡ የሚያስገርም ነገር ነው።

ሶኬቱ የመሬት ሽቦ ማሰሪያ ያለው መሆኑ ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም። ተፈትቶ ሲታይ ቢጫና አረንጓዴ መልክ ያለው ሽቦ በስተኋላው ታስሮ መገኘት አለበት፤ ይኸውም ሽቦ እስከ ቆጣሪው አጠገብ፥ ከዚያም መሬት ውስጥ እስከ ተቀበረው የመዳብ ዘንግ ድረስ ሳይቋረጥ መድረስ አለበት። አንዳንድ ሠራተኞች ድካም ለማቃለል ሲሉ፥ የመሬቱን ማሰሪያ በሶኬቱ ውስጥ ከኒውትራሉ ሽቦ ጋራ በአጭር ሽቦ ያያይዙታል። ይህ ፈጽሞ ሊደረግ የማይገባው ነው፤ ኒውትራሉ ከቦታው የተነቀለ ወይም የተቈረጠ ዕለት የማሞቂያው ብረት በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማልና።

«ብሬከር አለኝ» ብሎ መተማመንም አይበቃም። 16 አምፔር ተብሎ የተጻፈበት ተራ ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ከመቃጠል እንጂ ሰውን ከመሞት አይደለም። የሰውን ልብ ለማወክ የአንድ አምፔር ጥቂት መቶኛ እጅ ይበቃል፤ ይህም ለተራው ብሬከር ምንም ያህል ስለ ሆነ አይቈርጠውም። ለዚህ የተሠራው፥ ወጥቶ ሳይመለስ የቀረውን ኃይል መዝኖ በ30 ሚሊአምፔር መጠን በቅጽበት የሚቈርጥ ልዩ ብሬከር ነው። በገበያ ይገኛል፤ ዋጋውም ከማሞቂያው ዋጋ ጋራ ሲነጻጸር ትንሽ ነው። አዲስ ማሞቂያ የሚገዛ ሰው ይህንንም አብሮ ቢገዛ እመክራለሁ። የመሬት ሽቦውን ግን አይተካውም፤ ሁለቱ አብረው ይሠራሉ።

ስለ ሽቦው ውፍረት ብዙ ማለት አያስፈልግም። 1500 ዋት የሆነ ማሞቂያ በ220 ቮልት 7 አምፔር ያህል ስለሚስብ፥ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ የሆነ ሽቦ በራሱ ብሬከር ተለይቶ ሊመጣለት ይገባል። ከቴሌቪዥንና ከምጣድ ጋራ በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት የለበትም። ማብሪያና ማጥፊያውም በርጥብ እጅ እንዳይነካ ከመታጠቢያ ቤቱ ውጭ ይሁን።

ሁለተኛው ታላቅ ጉዳይ፥ በቀዝቃዛው ውኃ መግቢያ ላይ የሚታሰረው፥ ገበያ ላይ ሴፍቲ ቫልቭ የሚባለው ትንሽ ዕቃ ነው። ሰዎች የሚበድሉት ይህን ነው። ውኃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ 80 ሊትር ውኃ ከ15 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ሲደርስ አንድ ሊትር ከሩብ ያህል ይጨምራል። በርሜሉ ብረት ስለ ሆነ ያን ያህል አይለጠጥም፤ ቫልቩም የገባውን ውኃ ወደ ኋላ አይለቅም። ስለዚህ ግፊቱ ሲበዛ ቫልቩ በጎኑ ባለው ቀዳዳ ጥቂት ጥቂት ያንጠባጥባል። ማሞቂያው በሚሠራበት ጊዜ ማንጠባጠቡ የጤንነት ምልክት ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ግን ተበላሽቷል ብሎ ቀዳዳውን ይደፍነዋል።

በአንድ ባልደረባዬ ቤት ያየሁት ይኸው ነበር። የቫልቩ አፍ በእንጨት ተወትፎ በላስቲክ ተጠቅልሏል፤ ምክንያቱን ስጠይቅ «ወለሉን ያረጥበዋል» ተባልሁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሙቀት መቈጣጠሪያው ተበላሽቶ ውኃው ከልክ በላይ ጋለ። ደግነቱ በርሜሉ ሳይሆን ተጣጣፊው ቱቦ ቀድሞ ፈነዳ፤ ቤቱ ጐርፍ ሆነ፥ ሰው ግን አልተጐዳም። በርሜሉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። በደጋ ከተማ በድስት ያለ ውኃ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በታፈነ በርሜል ውስጥ ግን በግፊቱ ምክንያት ከ100 ዲግሪ በላይ ግሎም ሳይፈላ ይቈያል። በርሜሉ ሲቀደድ ግፊቱ ስለሚጠፋ፥ ከውኃው ከፊሉ ባንድ ጊዜ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎትም ከውኃው ከሺሕ እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል። ግድግዳ የሚያፈርሰው ይህ ነው። መድኃኒቱ ከቫልቩ አፍ ቀጭን ቱቦ አስሮ ወደ ፍሳሽ ማውረድ ብቻ ነው፤ የቱቦው ጫፍ ክፍት ይሁን። በበርሜሉና በቫልቩ መካከልም መዝጊያ አይግባ። አሮጌውን ቫልቭ አጥቦ ለአዲሱ ማሞቂያ ማሰር እንደ ቍጠባ ሊቈጠር አይገባውም።

ሦስተኛው ግድግዳው ነው። 80 ሊትር የሚይዝ ማሞቂያ ሲሞላ ውኃው ብቻውን 80 ኪሎ ነው፤ ከበርሜሉ ጋራ ከአንድ ኩንታል ያልፋል። የጭቃ ግድግዳ ይህን አይሸከምም። ብሎኬትም ውስጡ ባዶ ስለ ሆነ፥ ብሎኑ በቀጭኑ ገጽታ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ስለዚህ የብሎኑ ቦታ በሲሚንቶ መሞላት ወይም ብሎኑ ግድግዳውን ዘልቆ በበስተኋላ በኩል በብረት ሳህን መታሰር አለበት። አሮጌው ብሎን የላላ ከሆነ በዚያው ቀዳዳ መመለስ አይገባም።

ለሥራው ሲነሡ አስቀድሞ ብሬከሩን ማጥፋት፥ በቴስተርም ኃይል አለመኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ውኃው እስኪበርድ መጠበቅ ግድ ነው፤ ቢቻል ከዋዜማው ጀምሮ ቢጠፋ ይሻላል። ከዚያ መግቢያው ይዘጋል፤ አየር እንዲገባ የሙቁ ቧንቧ ይከፈታል፤ ውኃውም በቫልቩ በኩል ይለቀቃል። አሮጌው በርሜል ውኃው ካለቀ በኋላም በደለልና በነጭ ቅራሪ ሊከብድ ስለሚችል፥ ለማውረድ ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

አዲሱ ሲታሰር ሰማያዊ ምልክት ያለው ቧንቧ የቀዝቃዛው መግቢያ፥ ቀዩ የሙቁ መውጫ ነው። ሙቅ ውኃ ቀሎ ወደ ላይ ስለሚወጣ፥ መውጫው በውስጥ በረጅም ቱቦ ከአናቱ ይቀዳል፤ ቀዝቃዛው ከሥር ይገባል። ሁለቱ ቢገላበጡ ማሞቂያው አይበላሽም፤ ነገር ግን ቀዝቃዛው ከሙቁ ጋራ ስለሚደባለቅ፥ ባለቤቱ ከጥቂት ባልዲ በኋላ ለብ ያለ ውኃ እያገኘ ሻጩን ሲራገም ይኖራል። ኤሌክትሪኩ የሚበራው በርሜሉ ከሞላ በኋላ ብቻ ነው። የሙቁ ቧንቧ ተከፍቶ፥ ውኃው አየር ሳይተፋ በአንድ ወጥ እስኪወርድ ይጠበቃል። በባዶ በርሜል የበራ ዘንግ በደቂቃዎች ውስጥ ሊቃጠል ይችላል።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ጉዳይ በተለይ ይመለከተናል። መሥመሩ ሲደርቅ፥ ወደ ኋላ የማያስመልሰው ቫልቭ ጤነኛ ካልሆነ፥ የበርሜሉ ውኃ በቧንቧው ተስቦ ዝቅ ብሎ ወዳለው ጎረቤት ይሄዳል፤ ዘንጉ ባዶ ቤት ውስጥ ሲግል ያድራል። ውኃ በጠፋ ቀን ማሞቂያውን አጥፍቶ መዋል ይገባል።

ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ መቈጣጠሪያውን በ60 ዲግሪ ማድረግ መልካም ነው። ከ50 በታች በሚቆይ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ሳንባን የሚያሳምም ተሐዋስያን ሊራባ ይችላል፤ 60 የደረሰው ውኃ ደግሞ የልጅን ገላ በጥቂት ሰኮንድ ስለሚያቃጥል ከቀዝቃዛው ጋራ ሳይደባለቅ አይነካ። 1500 ዋት የሆነው ማሞቂያ ከላይ የጠቀስነውን 80 ሊትር እስከዚህ ለማድረስ ሦስት ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ይፈጅበታል፤ 4 ኪሎዋት ሰዓት ከጥቂት ትርፍ ጋራም ይበላል።

በበርሜሉ ውስጥ፥ ከማሞቂያው ዘንግ አጠገብ፥ በስለት የተሰጠ የሚመስል አንድ የማግኒዝየም ዘንግ አለ፤ ዝገቱ በርሜሉን ትቶ እርሱን እንዲበላ የተቀመጠ ነው። ሲያልቅ ዝገቱ ወደ በርሜሉ ይዞራል። ስለዚህ ማሞቂያው የተተከለበት ቀን በበርሜሉ ላይ በማይለቅ ቀለም ይጻፍ፤ በየሁለት ዓመቱም ተከፍቶ ይታይ፥ ዘንጉ ሳስቶ ከተገኘ ይለወጥ።