ያገለገለ ልብስና ያልተረሳ ዘመድ

የነሐሴ ወር ወደ መጨረሻው ሲጠጋ፥ ጾመ ፍልሰታ ተፈትቶ ዘመን መለወጫ ሲቃረብ፥ በየቤቱ ሁለት ዐሳብ ባንድነት ይነሣል። አንደኛው ልጆችን ለበዓልና ለትምህርት ቤት ማልበስ ነው፤ ሁለተኛው ክረምቱን ሙሉ ሳይጠየቁ የከረሙትን ዘመዶችና ወዳጆች መጠየቅ ነው። ሁለቱም ተገቢ ዐሳቦች ናቸው። ዳሩ ግን በብዙ ቤት የመጀመሪያው ሁለተኛውን ይውጠዋል። የወሩ ገቢ በልብስና በደብተር ካለቀ በኋላ ለጥየቃ የሚሆን ነገር አይተርፍም። ያን ጊዜ የቤቱ እመቤት «ባዶ እጄን እንዴት ብዬ እሄዳለሁ?» ትላለች፤ አባወራውም «በዚህ ልብስ ሰው ፊት አልቆምም» ይላል። እንዲህ እየሆነ የቅርብ ዘመድ የሩቅ ሰው ይሆናል።

ያልተጠየቀችው አክስት ግን ነገሩ በእፍረት ምክንያት የቀረ መሆኑን አታውቅም። እርስዋ የምታውቀው ደጇን የሚያንኳኳ ሰው መጥፋቱን ነው። ስለዚህ «ረሱኝ» ወይም «ናቁኝ» ብላ ታዝናለች፤ ኀዘኑም ሲውል ሲያድር ወደ ቅያሜ ይለወጣል። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ወገኖች የሚገናኙት ለቅሶ ቤት ብቻ ይሆናል። በሕይወት ሳለች ግማሽ ኪሎ ቡና ይዞ ለመሄድ ያፈረ ሰው፥ ከሞተች በኋላ ለለቅሶዋ ተበድሮ ይመጣል። ይህን ያላየ ሰፈር የለም።

ዘመኑ ቁጠባን የሚጠይቅ መሆኑን ለማንም መንገር አያስፈልግም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ ከውጭ የሚገባው ጨርቅ፥ ጫማና የቤት ዕቃ ዋጋው ከፍ ብሏል፤ የብዙ ደመወዝተኛ ቤተሰብ ኑሮም ጠበብ ብሏል። ሆኖም ቁጠባ ስንል ንፍገት ማለታችን አይደለም። ሁለቱ በመልክ ይመሳሰላሉ፤ በፍሬያቸው ግን ይለያያሉ። ንፉግ ገንዘቡን ከሰው ይሸሽጋል፤ ቆጣቢ ግን ከዕቃው ቀንሶ ለሰው ያተርፋል። ይህም እንዴት እንደሚሆን ለማሳየት፥ ከዘመን መለወጫ በፊት ያለውን አንድ ሳምንት ወስደን ከሰኞ እስከ እሑድ ያለውን ሥራ በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

ሰኞ፤ ከገበያ በፊት ቤት

የሳምንቱ ሥራ የሚጀመረው ከቤት ነው። ሣጥኑና ቁም ሣጥኑ ተከፍቶ በውስጡ ያለው ልብስ ሁሉ አልጋ ላይ ይዘርገፍ፤ ከዚያም በአራት ይከፈል። ይኸውም አንደኛ እንዳለ የሚለበስ፥ ሁለተኛ ተጠግኖ የሚለበስ፥ ሦስተኛ ለታናሽ ወይም ለሌላ ቤት ልጅ የሚተላለፍ፥ አራተኛ ከልብስነት የወጣ ነው። ይህ ሲደረግ ብዙ ጊዜ የሚገዛው ዕቃ ከታሰበው አንሶ ይገኛል።

እናቶቻችን ይህን ጥበብ ያለ መምህር ያውቁት ነበር። ጋቢ ሲሳሳ ለሕፃን መታቀፊያ ይሆናል፤ ያረጀ ነጠላ ተቀዶ ለአራስ ልጅ ጨርቅ ይሆናል፤ ከዚያም ሲያልፍ የምጣድ ማሰሻ ሆኖ ያገለግላል። ለእነርሱ አንድ ልብስ ብዙ ዕድሜ ነበረው።

ከልብስነት የወጣውን ልዋጭ ይወስደዋል። በየሰፈሩ «ልዋጭ!» እያሉ የሚዞሩት ነጋዴዎች ያረጀ ልብስና ጫማ ተቀብለው ሳፋ፥ ሳሕንና ይህን የመሰለ የወጥ ቤት ዕቃ ይሰጣሉ። ቆራሌው ደግሞ ጠርሙስ፥ ቆርቆሮና ብረታ ብረት በገንዘብ ይገዛል። ነገር ግን ገና ሰው የሚያለብሰውን ካፖርት በአንድ ሳፋ መለወጥ ቁጠባ አይባልም፤ ልዋጩ የሚጠራው ሦስተኛው ክፍል ለብቻው ከተቀመጠ በኋላ ይሁን።

ማክሰኞ፤ የገበያ ቀን

ሕዝብ ከሚበዛበት ከቅዳሜ ይልቅ በሳምንቱ መካከል በጠዋት መሄድ ዕቃን ረጋ ብሎ ለማየት ያመቻል። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ቀድሞ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ኢጣልያኖች የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አንሥተው ዛሬ መርካቶ የምንለውን ስፍራ አቋቋሙ። በመርካቶ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ተራ አለው፤ ሸማ ተራ፥ ሳጥን ተራ፥ በርበሬ ተራ እየተባለ ይጠራል። ምናለሽ ተራ የሚባለው ደግሞ አሮጌ ዕቃ አዲስ ሥራ የሚያገኝበት ነው። በርሜሉና ቆርቆሮው በባለ እጆች ተቆርጦና ተቀጥቅጦ ምድጃና ሌላም የቤት መገልገያ ሆኖ ከዚያ ይወጣል።

ስለ ሰልባጅ ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ያገለገለ ልብስን ለንግድ ከውጭ ማስገባት በአገራችን የተከለከለ ስለሆነ፥ በገበያ የሚታየው ብዙውን ጊዜ በኮንትሮባንድ የገባ ነው። ስለዚህ ቤተሰብ አስቀድሞ በዚሁ በአገር ውስጥ ያገለገለውን ቢፈልግ ይሻላል፤ ይኸውም የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ፥ መማሪያ መጻሕፍት፥ ጠረጴዛና ወንበር፥ ብረት ድስትና ይህን የመሳሰለው ነው። የደንብ ልብስ በተለይ ብዙ ሳይለበስ ልጁ ያድግበታል፤ ስለዚህ ከሌላ ቤተሰብ እጅ የተገዛው ከአዲሱ ብዙም አይለይም።

ያገለገለ ልብስ የሚገዛ ሰው በቀን ብርሃን ይመልከት። ጨርቁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ብል የበላውን ቀዳዳ ይፈልግ፤ ገልብጦ ስፌቱን ይይ፤ ክሳዱን፥ ብብቱን፥ የእጅጌውን ጫፍና የሱሪውን መቀመጫ ይመርምር፤ ዚፑን ከፍ ዝቅ ያድርግ። ጫማ ከሆነ ሶሉን አጠፍ አድርጎ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን ይመልከት። የውስጥ ልብስ ግን ያገለገለ አይገዛ። ከሁሉም በላይ ሰኞ በወረቀት ከተጻፈው ውጪ ምንም አይግዛ። «ርካሽ አገኘሁ» ተብሎ የተገዛ የማያስፈልግ ዕቃ፥ ከሚያስፈልገው ውድ ዕቃ ይልቅ ኪስን ይጎዳል።

ረቡዕ፤ የማጠብ ቀን

ከገበያ የመጣ ልብስ ሳይታጠብ ከቤተሰቡ ልብስ ጋራ አይቀላቀል። ጨርቁ የሚችል ከሆነ በጣም በሞቀ ውኃና በሳሙና ይታጠብ። የእከክ ተባይ ከሰው ገላ ከተለየ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ቀን በላይ አይኖርም፤ ስለዚህ በሙቅ ውኃ መታጠብ የማይችለውን ልብስ በላስቲክ ከረጢት አጥብቆ አስሮ ቢያንስ 3 ቀን፥ ለበለጠ ጥንቃቄም አንድ ሳምንት ማቆየት ይገባል። ቅማልና ቅጫም የሚሸሸጉት በስፌት ውስጥ ስለሆነ፥ ስፌቱን በጋለ ካውያ መተኮስ ይጠቅማል። የነሐሴ ፀሐይ ወጣች ሲሏት የምትጠልቅ ናትና በዚህ ወቅት ከፀሐይዋ ይልቅ በካውያው መታመን ይሻላል።

ልብሱ እስኪደርቅ ድረስ ጎረቤት ይጠየቅ። ቀኑ ረቡዕ ስለሆነ ቡናና ቆሎ ይበቃል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንደሚባለው፥ ሌሊት ሕመም ቢነሣ አስቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ነው።

ሐሙስ፤ የወዳጆች ቡና

በዚህ ቀን ልጆች ያሏቸው ሦስት ወይም አራት ወዳጆች በአንዷ ቤት ይሰብሰቡ። እያንዳንዷም ሰኞ ለይታ ያስቀመጠችውን ሦስተኛውን ክፍል፥ ልጆቿም የጨረሷቸውን መማሪያ መጻሕፍት ይዛ ትምጣ። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ የአንዷ ልጅ የጠበበው ሹራብ ለሌላዋ ልጅ ልክ ሆኖ ይገኛል። ገንዘብ ሳይወጣ አራት ቤት ይለብሳል፤ ወዳጅነቱም ይታደሳል።

በዚህ ነገር ግን ክብር መጠበቅ አለበት። የሚተላለፍ ልብስ ታጥቦ፥ ተተኩሶ፥ ቁልፉ ተሟልቶ ይሰጥ። ለሰው ስናቀርብለት የምናፍርበትን ልብስ «ለእነርሱ ይበቃል» ብሎ መላክ ስጦታ ሳይሆን ስድብ ነው። ልጆቻችንም በትምህርት ቤት «ይህ የኔ ሸሚዝ ነበር» ብለው ጓደኛቸውን እንዳያሳፍሩት አስቀድመን እንምከራቸው። በአንዲት ቃል የተጎዳ ልጅ ያን ልብስ ዳግመኛ አይለብሰውም፤ እናቱም ከዚያ በኋላ ወደዚያ ቡና አትመጣም። ስለዚህ ሰጪዋ ስጦታዋን አታውራ፤ ተቀባይዋም በሌላ ጊዜ ሰጪ እንድትሆን ዕድል ይሰጣት። ልብስ የሌላት እጀ ብልኅ ትሆናለች፤ ለሁሉም ቁልፍ ትተክላለች፤ ቀሚስ ታሳጥራለች። እንዲህ ከሆነ ሁሉም እኩል ሆነው ይለያያሉ።

ዓርብ፤ የሒሳብ ቀን

ዓርብ ወደ ልብስ ሰፊ የሚሄደው ይሂድ፤ የሚጠበው ይጥበብ፥ የሚያጥረው ይጠር። ማታም ባልና ሚስት ተቀምጠው ይተሳሰቡ። ለምሳሌ ለልብስ 3000 ብር ተመድቦ 1800 ብር ብቻ ወጥቶ ከሆነ፥ 1200 ብር ተርፏል። ይህ ትርፍ ወዲያው ዓላማ ካልተሰጠው በማግሥቱ የት እንደ ደረሰ አይታወቅም። ስለዚህ ከእርሱ የተወሰነው ለክፉ ቀን ይቀመጥ፤ የቀረው «ለጥየቃ» ተብሎ በፖስታ ይታሸግ። የታክሲ ሒሳብ፥ ቡና፥ ስኳርና ዳቦ ከዚያ ይወጣል። የሳምንቱ ድካም ፍሬ የሚያፈራው በዚህ ፖስታ ነው።

ቅዳሜና እሑድ፤ የዘመድ ቀኖች

ከሁሉ አስቀድሞ ማን ይጠየቃል? የሚያበላንና የሚያጠጣን ቤት በራሱ ጊዜ ይጠራናል። ስለዚህ አስቀድሞ የታመመ፥ ከቤት የማይወጣ ሽማግሌ፥ ለቅሶው ካለፈ በኋላ ሰው የተለየው ኀዘንተኛ፥ ከዚያም አራስ ይጠየቁ። ኀዘንተኛን በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ሁሉም ይከበዋል፤ ቤቱ የሚጨልመው ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ነውና ከወር በኋላ የሚመጣ ጠያቂ ይበልጥ ይፈለጋል።

የሚወሰደው ነገር ትንሽ ቢሆንም ለተጠያቂው የታሰበ ይሁን። ለብቻዋ ለምትኖር አሮጊት የተቆላና የተወቀጠ ቡና፥ ጥርሷ ለማይችል ለስላሳ ዳቦ፥ ለአራስ የገንፎ ዱቄት መውሰድ ማስተዋል ነው። ምንም ያልተገኘ እንደ ሆነ ጉልበት ይወሰድ፤ ውኃ መቅዳት፥ ጣራ የሚያፈስበትን ማየት፥ መድኃኒት ቤት መላክ ከስኳር ይበልጣል። የምሳ ሰዓት ላይ በድንገት ደርሶ ድኻ ዘመድን ማስጨነቅ ግን አይገባም።

ልጆችም አብረው ይሂዱ። ለጋብቻ ሰባት ቤት መቁጠር ልማዳችን ነው፤ ነገር ግን ዘመዱን በዐይኑ ሳያይ ያደገ ልጅ እንኳን ሰባት ሦስት ቤት አይቆጥርም። አክስቱ አጠገብ ተቀምጦ «አንተ የእገሌ ልጅ፥ የእገሌ የልጅ ልጅ ነህ» ሲባል የሚማረውን በሌላ ቦታ አይማረውም።

ጥየቃን ያስቀረው እፍረት በእንግዳው ብቻ የመጣ አይደለም፤ ባለቤቱም ድርሻ አለበት። እንግዳ ሲገባ እጁን የሚያዩ፥ ከሄደ በኋላም «ምን ይዞ መጣ?» የሚሉ ቤቶች አሉ። እንዲህ ያለ ቤት ድኻ ዘመዱን በገዛ ምላሱ ያባርራል። የመጣውን ሰው እንጂ ያመጣውን ዕቃ አንመልከት። የእንግዳው ኮት የተገለበጠና የተጠገነ ቢሆን፥ እኛን ለመጠየቅ ከልብሱ የቀነሰ መሆኑን እናስብለት።

አሁን የምንገዛው ልብስ በሚመጣው ዓመት ለልጁ ይጠብበታል፤ ከዚያም ወደ ሌላ ልጅ፥ በመጨረሻም ወደ ልዋጭ ይሄዳል። ጥየቃ ግን ቀጠሮ የማይሰጥ ነገር ነው፤ ስናጠራቅም ሳለን ተጠያቂው ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከመስከረም 1 ቀን በፊት ከሁሉ ይልቅ ብዙ ዘመን ያልጠየቀውን አንድ ሰው ስም በፖስታው ላይ ይጻፍ፤ የመጀመሪያውንም ጉዞ ወደዚያ ያድርግ።