የሜካፕ ብሩሽን በጓዳ ዕቃ ስለ ማጽዳት

ብዙዎቻችን በንፋስ ስልክ ላፍቶ፥ በጀሞና በለቡ ሰፈሮች፥ አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተን የምንኖር ተማሪዎች ነን። አብሮ መኖር ደግሞ መዋዋስን ያመጣል። ሻሹም፥ ኩሉም፥ ብሩሹም የጋራ ነው። ጓደኛ «አውሺኝ» ስትል እምቢ ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ሠርግ ወይም ምርቃት በደረሰ ጊዜም አንዱ ብሩሽ በአንድ ጧት ስንቱን ፊት ያዳርሳል።

ይኸን ልማድ ለመንቀፍ አልተነሣንም። ነገር ግን ብሩሽ የሚያመላልሰው ቀለም ብቻ አይደለም። የፊት ወዝ፥ የሞተ ቆዳና ባክቴሪያ በጠጉሩ መካከል ይከማቻል። በዚህም ብጉር ይባባሳል፤ ዓይን የነካ ብሩሽ ወይም መኳያ ሲሆን ደግሞ የዓይን ሕመም ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሊጋባ ይችላል። የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ ብሩሽ በየ7 እስከ 10 ቀን እንዲታጠብ ይመክራል። ለዚህ ተብሎ የሚሸጠው ፈሳሽ ለተማሪ ኪስ ቢከብድም፥ በጓዳችን ያለው ይበቃል። የሳሙና ቅንጣት አንዱ ጫፉ ውሃን፥ ሌላው ቅባትን ይይዛል፤ ስለዚህ ቅባቱን ከጠጉሩ አላቅቆ ከውሃው ጋር ይወስደዋል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው፤

1ኛ/ ፋውንዴሽን ወይም ሊፕስቲክ የነካውን ብሩሽ በቅድሚያ በጥቂት ጠብታ የምግብ ዘይት ማሸት። ቅባትን ቅባት ያሟሟዋል።

2ኛ/ ለብ ባለ ውሃ ሁለት ጠብታ ሻምፑ ወይም የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሮ፥ የጠጉሩን ጫፍ ብቻ ነክሮ በመዳፍ ላይ ቀስ አድርጎ ማዞር። ውሃው በብረት ቀለበቱ ውስጥ ከገባ ሙጫውን ያላቅቀውና ጠጉሩ ይረግፋል።

3ኛ/ ውሃው እስኪጠራ ማለቅለቅ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧ መክፈት አያስፈልግም፤ ከጀሪካኑ በብርጭቆ እየቀዱ መለዋወጥ ይቻላል።

4ኛ/ በንጹሕ ጨርቅ ጨምቆ፥ ጠጉሩን ከጠረጴዛው ዳር አውጥቶ፥ አጋድሞ ማድረቅ። ብርጭቆ ውስጥ ማቆም ውሃውን ወደ ሙጫው ይመልሰዋል። እርጥቡን ቦርሳ ውስጥ መክተት ደግሞ ባክቴሪያን መቀለብ ነው፤ ስለዚህ ማታ አጥቦ ማሳደር ይሻላል።

የማይሆኑትንም እንጥቀስ። አቼቶን ከቁራጭ ሳሙና ጋር መቀላቀል ትርፉ ድካም ነው፤ አሲዱ ሳሙናውን አፍርሶ ወደ ቅባትነት ይመልሰዋል። አረቄም የፋርማሲውን 70 በመቶ አልኮል አይተካም፤ አልኮሉም ቢሆን ከታጠበ በኋላ የሚረጭ እንጂ እጥበትን የሚያስቀር አይደለም፤ ከምድጃም መራቅ አለበት። እንዶድ ደግሞ ለሸማ እንጂ ለፊት ብሩሽ አይሆንም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ፥ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች፥ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ያ አረፋ የሚሰጠው ሳፖኒን ዓይንንም ይቆጠቁጣል።

እንግዲህ የዓይን ብሩሽና መኳያ ለየራስ ይሁን፤ የቀረው ታጥቦና ደርቆ ይዋስ። ዓይኗ የቀላ ጓደኛ ስትጠይቅ ግን «እስኪሻልሽ ቆዪ» ማለት ንፍገት አይደለም። ሳሙናው ርካሽ ነው፤ ዓይን ግን በገንዘብ አይገዛም።