ፍሎሪን በሁለት መልኩ፦ የፍሎሮፖሊመር ሬዚኖች ጠባይ፣ የኢንዱስትሪ አገልግሎትና ወሰን

መግቢያ

ከአዳማ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በአዋሽ ወንዝ ዳር የምትገኘው መልካሳ በአገራችን የኬሚካል ኢንዱስትሪ ውስጥ የታወቀ ስፍራ አላት። በዚያ ያለው የአሉሚኒየም ሰልፌትና ሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ የሚያመርተው አሉሚኒየም ሰልፌት በመጠጥ ውኃ ማጣሪያ ጣቢያዎች ድፍርስ ውኃን ለማጥራት ያገለግላል። አሉሚኒየም ሰልፌት ከኖራ ጋር ሆኖ፣ በህንድ አገር በተጀመረውና ናልጎንዳ በሚባለው ስልት፣ ፍሎራይድን ከጉድጓድ ውኃ ለመቀነስም በስምጥ ሸለቆ ተሞክሯል። የአካባቢው ሕዝብ ፍሎሪንን የሚያውቀው በጉዳቱ ነው። በወንጂና በሌሎች የስምጥ ሸለቆ ቀበሌዎች በጉድጓድ ውኃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር እያለፈ ጥርስን ሲያበልዝ፣ ሲብስም አከርካሪን ሲያጎብጥ ኖሯል።

ይኸው ንጥረ ነገር ከካርቦን ጋር ሲተሳሰር ግን ሌላ መልክ ይይዛል። ሰልፈሪክ አሲድ የማይበላቸው፣ ውኃና ዘይት የማይጣበቁባቸው ፍሎሮፖሊመር ሬዚኖች የሚገኙት ከዚህ ትስስር ነው። የቧንቧ ሠራተኛ ቴፍሎን እያለ በጥርስ ላይ የሚጠመጥመው ነጭ ጥብጣብ የእነዚሁ ሬዚኖች ወገን ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የሬዚኖቹን ጠባይ ከትስስሩ ባሕርይ አንሥቶ ማስረዳት፣ በአሲድ ፋብሪካ ውስጥ የሚገባቸውን ቦታ ማመልከት፣ እንዲሁም ሬዚኖቹ መመረጥ ያለባቸው ሁሉን ይችላሉ በሚል ዝና ሳይሆን የማይችሉትን ለይቶ በማወቅ መሆኑን ማሳየት ነው።

የትስስሩ ጉልበት

በውኃ ውስጥ የሚገኘው ፍሎራይድ ነጻ አዮን ነው፤ ከካልሲየምም ሆነ ከአሉሚኒየም ጋር በቀላሉ ይጣመራል። በሬዚን ውስጥ ያለው ፍሎሪን ግን ከካርቦን ተነጥሎ መውጣት አይችልም ለማለት ያስደፍራል። ይህን የካርቦንና የፍሎሪን ትስስር ለመበጠስ በሞል 485 ኪሎ ጁል ገደማ ያስፈልጋል፤ ለካርቦንና ለሃይድሮጅን ትስስር የሚያስፈልገው ግን 413 ገደማ ነው። በተጨማሪም የፍሎሪን አተሞች ከሃይድሮጅን ስለሚተልቁ የካርቦኑን ሰንሰለት ዙሪያውን ሸፍነው ይይዙታል። አሲድም ሆነ አሟሚ ፈሳሽ ወደ ሰንሰለቱ ለመድረስ መንገድ አያገኝም። በሰንሰለትና በሰንሰለት መካከል ያለው መሳሳብ ደግሞ ደካማ ነው። የሬዚኑ ለስላሳነት፣ አለመጣበቁና ዝቅተኛ ሰበቃው ከዚህ ይመነጫል፤ ወደ ኋላ እንደምናየው ድክመቱም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

የመጀመሪያው ሬዚን ፖሊቴትራፍሎሮኤቲሊን የተገኘው በአጋጣሚ ነበር። ሮይ ፕላንኬት የተባለው አሜሪካዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1938 ለማቀዝቀዣ ምርምር በሲሊንደር ያስቀመጠው ጋዝ በራሱ ጊዜ ወደ ነጭ ዱቄት ተለውጦ አገኘው። ዛሬ ጋዙ የሚሠራበት መንገድ መልካሳን የሚያውቅ አንባቢን ያስገርም ይሆናል። ፍሎርስፓር የተባለው ማዕድን በሰልፈሪክ አሲድ ሲታከም ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ይወጣል፤ እርሱም ከክሎሮፎርም ጋር ተዋሕዶ የሚያስገኘው ጋዝ በከፍተኛ ሙቀት ተሰንጥቆ ቴትራፍሎሮኤቲሊን ይሆናል። አሲዱን የሚሸከመው ሬዚን ራሱ ያለ አሲዱ አይገኝም ማለት ነው።

የሬዚኖቹ ዓይነትና ልዩነት

ፖሊቴትራፍሎሮኤቲሊን፣ በምሕጻር ፒቲኤፍኢ፣ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ ያለማቋረጥ ሊያገለግል የሚችለውም እስከ 260 ዲግሪ ድረስ ነው። ይሁን እንጂ ቀልጦም እንኳ እንደ ሌላው ፕላስቲክ አይፈስም። ስለዚህ ዱቄቱ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተጨምቆ ከ360 እስከ 380 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይጋገራል፤ ቀጥሎም በቶርኖ ይቀረጻል። የአሠራሩ ሂደት ከፕላስቲክ ፋብሪካ ይልቅ ወደ ሸክላ ሥራ ይቀርባል።

ይህን ችግር ለማቃለል የተሠሩት ፒኤፍኤና ኤፍኢፒ ቀልጠው ይፈስሳሉ። ፒኤፍኤ የ260 ዲግሪውን ወሰን እንደያዘ ሲቆይ፣ የኤፍኢፒ ወሰን ወደ 200 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። በሰንሰለታቸው ላይ ሃይድሮጅን የቀላቀሉት ፒቪዲኤፍና ኢቲኤፍኢ በጥንካሬ ይበልጣሉ፤ ሙቀትን የሚችሉት ግን እስከ 150 ዲግሪ ገደማ ነው። ፒቪዲኤፍ ለጠንካራ አልካሊ አይሆንም፤ አሲዱ እጅግ የተከማቸና የሞቀ ሲሆንም አይታመንም። ስለሆነም ለግዢ በሚዘጋጅ የቴክኒክ መግለጫ ላይ ቴፍሎን ብቻ ብሎ መጻፍ በቂ አይደለም። የሬዚኑ ዓይነት፣ የአሲዱ ክምችትና የሚሠራበት ሙቀት አብረው መገለጽ አለባቸው።

በአሲድ ፋብሪካ ውስጥ ቦታው የት ነው?

ሰልፈሪክ አሲድ የሚመረተው ድኝን በማቃጠል፣ የሚገኘውን ጋዝ ከ400 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት በቫናዲየም ፔንቶክሳይድ አናት ላይ በማሳለፍና በመጨረሻም በ98 በመቶ አሲድ በማስዋጥ ነው። የምድጃውና የጋዝ መለወጫው ክፍል ከማንኛውም ፍሎሮፖሊመር አቅም በላይ ስለሆነ የብረትና የእሳት ጡብ ድርሻ ነው። የሬዚኖቹ ቦታ የሚጀምረው ፈሳሹ አሲድ ካለበት ክፍል ነው።

እዚህ ላይ ለብዙ ተማሪዎች ግራ የሚያጋባ ጉዳይ አለ። በተለመደው የአየር ሙቀት የተከማቸ አሲድ ተራ ብረትን ያን ያህል አይበላም፤ በብረቱ ገጽ ላይ የሚፈጠረው የብረት ሰልፌት ሽፋን ይከላከልለታል። አሲዱ በውኃ ሲቀጥን ግን ሽፋኑ ይሟሟል፤ በመቅጠኑ የሚፈጠረው ሙቀትም ጥቃቱን ያባብሳል። አሉሚኒየም ሰልፌት የሚዘጋጀው በዚሁ በቀጠነና በሞቀ አሲድ ነው። የተበላው ብረት ደግሞ ወደ ምርቱ ገብቶ፣ ውኃ ለማጥራት በሚላከው አሉሚኒየም ሰልፌት ውስጥ ጥራት ያጓድላል። በመሆኑም የፒቲኤፍኢ ወይም የፒኤፍኤ ሽፋን ያላቸው ቧንቧዎች፣ ቫልቮች፣ የፓምፕ ክፍሎችና በተለምዶ ጓርኒሲዮን የሚባሉት ማሸጊያዎች ከሁሉ የበለጠ የሚፈለጉት በማቅጠኛው ክፍልና ከእርሱ በኋላ ነው። ሬዚኖቹ በአገር ውስጥ ስለማይመረቱና በውጭ ምንዛሪ ስለሚገዙ፣ ብረቱ ራሱ በሚበቃበት ቦታ እነርሱን ማዋል ሀብት ማባከን ነው።

አሲድ ያላሸነፈውን ጭነት ያሸንፈዋል

የሰንሰለቶቹ መሳሳብ ደካማ በመሆኑ ፒቲኤፍኢ በጭነት ሥር ቀስ እያለ ይፈስሳል። ዛሬ በሚገባ የጠበቀ ማሸጊያ ነገ ሊላላ ይችላል። ፈውሱ ቡሎኖቹን ከመጀመሪያው ጥብቀት በኋላ፣ መስመሩ ቀዝቅዞና ግፊቱ ወርዶ ሳለ፣ እንደገና በልኩ ማጥበቅ ነው። የመስታወት ጭረት ወይም ካርቦን የተቀላቀለበት ፒቲኤፍኢ ፍሰቱን ይቀንሳል። ነሐስ የተቀላቀለበት ግን አሲዱ ነሐሱን ስለሚበላው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሁለተኛው ጉዳይ ሙቀት ነው። ፒቲኤፍኢ በሙቀት የሚለጠጠው ከብረት 10 እጥፍ ገደማ ነው፤ በዚህ ላይ በ19 ዲግሪ አካባቢ የክሪስታሉ አደራደር ስለሚለወጥ ይዘቱ በ1 በመቶ ገደማ ይቀየራል። በመልካሳና በአዳማ ሌሊቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሊወርድ፣ ቀኑ ደግሞ 28 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የአካባቢው ሙቀት በአንድ ቀን ውስጥ ይህን ነጥብ ሁለት ጊዜ ይሻገራል። ማለዳ በቶርኖ ተለክቶ የወጣ 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት ቀትር ላይ ሲለካ የሚሊ ሜትር ሲሶ ያህል፣ ከተራው መለጠጥ ጋርም ከዚያ በላይ፣ ተለውጦ ይገኛል። ቶርኖውም ሆነ ባለሙያው በዚህ አይወቀሱም፤ የሚለካበት ሙቀት በሥዕሉ ላይ ሊጻፍ ይገባ ነበር።

ሦስተኛው ማሳለፍ ነው። ሬዚኑ ባይበላም ትንንሽ ሞለኪውሎች ቀስ በቀስ ያልፉበታል። ለዚህም ሲባል ሽፋን ያላቸው የብረት ቧንቧዎች በውጭ ገጻቸው ላይ ትንንሽ መተንፈሻ ቀዳዳዎች ይኖራቸዋል። ቀለም ቀቢ ቀዳዳዎቹን ከደፈናቸው ጋዙ በብረቱና በሽፋኑ መካከል ይጠራቀማል፤ ሽፋኑም ወደ ውስጥ ያብጣል። ከቀዳዳው አሲድ ሲወጣ ከታየ ደግሞ ሽፋኑ ተቀዷል ማለት ስለሆነ፣ ቀዳዳው የማስጠንቀቂያ ምልክትም ነው። በተሸፈነ ቧንቧ ላይ ብየዳ ማካሄድ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ከአገልግሎት በኋላ

አሲድን የሚመክተው ትስስር ተፈጥሮንም ይመክታል። ያረጀ ማሸጊያ በአፈር ውስጥ አይበሰብስም። ሜዳ ላይ ከተቃጠለም ሃይድሮጅን ፍሎራይድንና ሌሎች እጅግ መርዛማ ጋዞችን ያወጣል። በመሆኑም ቁርጥራጩን ከሌላው ቆሻሻ ጋር ማቃጠል ሊከለከል፣ የቶርኖ ቤት ሠራተኞችም ዱቄቱ በነካው እጅ ከማጨስ ሊታቀቡ ይገባል።

ከዚህ የሚከብደው የረዳት ኬሚካሎቹ ጉዳይ ነው። ፒቲኤፍኢን ለማምረት ለረጅም ዘመን ያገለገለው ፐርፍሎሮኦክታኖይክ አሲድ እ.ኤ.አ. በ2019 ኢትዮጵያም አባል በሆነችበት የስቶክሆልም ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል መድቦታል። በስምጥ ሸለቆ ያሉ ቤተ ሙከራዎች ፍሎራይድን በአዮን መራጭ ኤሌክትሮድ መለካት የለመዱ ናቸው። ይህ መሣሪያ ግን የሚያየው ነጻውን አዮን ብቻ ነው፤ ከካርቦን ጋር የታሰረውን ፍሎሪን አያየውም። በአሉሚኒየም ሰልፌት የሚከናወን የተለመደ ማጣሪያም እነዚህን ውሕዶች እምብዛም አያስወግድም። የፍሎራይድ ውጤቱ ከ1.5 በታች መሆኑ ስለ ፍሎሪን ሁሉ ዋስትና አይሰጥም።

ማጠቃለያ

ፍሎሪን በጉድጓድ ውኃ ውስጥ የሚጎዳው ነጻ ስለሆነ ነው፤ በሬዚን ውስጥ የሚጠቅመው ስለታሰረ ነው፤ በቆሻሻነት የሚያሳስበውም እስሩ ስለማይፈታ ነው። ሬዚኑን የሚመርጥ መሐንዲስ ከአሲዱ ክምችት ጋር ሙቀቱን፣ ጭነቱንና የመጨረሻ ማረፊያውን አብሮ ሊያስብ ይገባል። ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም ሁለት የምርምር በሮች ክፍት ናቸው፦ የአንድ ቀን የሙቀት መለዋወጥ በፒቲኤፍኢ ማሸጊያዎች መላላት ላይ ያለው ድርሻ፣ እንዲሁም የካርቦን ትስስር ያለውን ፍሎሪን በአዋሽ ተፋሰስ ውኃ ውስጥ መለካት። የመጀመሪያው ቴርሞሜትርና የጥብቀት መለኪያ ቁልፍ ካለ በማንኛውም የጥገና ክፍል ሊጀመር ይችላል። ሁለተኛው በቂ መሣሪያ ያላቸውን ቤተ ሙከራዎች ትብብር ይጠይቃል፤ ይሁን እንጂ ከፍሎሪን ጋር ረጅም ታሪክ ላለው ለዚህ አካባቢ ይበልጥ አስቸኳዩ እርሱ ነው።