ሐረ ሸይጣን፦ ከቡታጅራ አጠገብ ያለው የእሳተ ገሞራ ሐይቅ

ከቡታጅራ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች በስተደቡብ፣ በመስቃንና በስልጤ አዋሳኝ የሚገኘው ሐረ ሸይጣን፣ በስሙ ትርጉም የሰይጣን ሐይቅ፣ ዙሪያውን በገደል የታጠረ በመሆኑ ወደ ዳርቻው የሚደርሰው በእግሩ የሚወርድ ሰው ብቻ ነው።

የሥነ ምድር ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ሐይቅ «ማር» ይሉታል። ቃሉ ከንብ ማር ጋር ዝምድና የለውም፤ ከጀርመን የአይፈል አውራጃ አነጋገር የተወሰደ ሲሆን፣ ሥሩ ባሕር የሚል ፍቺ ያለው የላቲን ቃል ነው። ከምድር ውስጥ ወደ ላይ የሚገፋው ቅልጥ ዐለት (ማግማ) ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ሲገናኝ፣ ውኃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ በላዩ ያለውን ዐለት ሰባብሮ ስለሚበትነው፣ ፍንዳታው ተራራ ሳይሆን ጉድጓድ ትቶ ያልፋል፤ ጉድጓዱንም በጊዜ ብዛት ዝናብና ከርሰ ምድር ውኃ ይሞሉታል። የዝቋላን ሐይቅ ለማየት ተራራ መውጣት ግድ ሲሆን፣ እዚህ ግን ሜዳ ለሜዳ የሚመጣ መንገደኛ አፋፉ ላይ እስኪቆም ድረስ ሐይቅ መኖሩን አይጠረጥርም፤ ድንገት መሬቱ ከእግሩ ሥር ተከፍቶ አረንጓዴው ውኃ ከታች ይታየዋል።

ከቡታጅራ በስተምሥራቅ ያለው የዝዋይ ሐይቅ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከጉራጌ ተራሮች የሚነሣው የመቂ ወንዝ የሚገባበት ይህ ሰፊ ሐይቅ፣ አምስት ደሴቶች ያሉት ሲሆን፣ ከሁሉም ትልቁና የደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን የሚገኝበት ቱሉ ጉዶ በጀልባ ካልሆነ አይደረስበትም። በደሴቶቹ የሚኖረው የዛይ ሕዝብ ቋንቋውንና ጥንታዊ የብራና መጻሕፍቱን ጠብቆ የቆየው በአብዛኛው ውኃው አጥር ስለሆነለት ነው።

ሐረ ሸይጣንን ከገደሉ ሌላ የሚያስከብረው አፈ ታሪክም አለ። ከአፋፉ በእጅ የተወረወረ ድንጋይ ውኃው ዘንድ አይደርስም፣ ሰይጣኑ ይመልሰዋል ይባላል። ምሥጢሩ ያለው በዐይን ግምት ላይ ይመስላል፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ ሳይሆን ወደ ውስጥ የሚያዘቀዝቅ ስለሆነ፣ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ውኃው ከእውነተኛው ርቀቱ ቀርቦ ይታየዋል፤ ድንጋዩም ተዳፋቱ ላይ ወድቆ ከቁጥቋጦው መካከል ይሰወራል። ጎብኚው ግን ለሁለተኛው ውርወራ ሌላ ድንጋይ ይፈልጋል፤ ዳርቻው ከታች ጸጥ እንዳለ ይቆያል።