«ፓስወርድ ረሳሁ» የሚለው ቁልፍ

በ2001 ዓ.ም. መስከረም ላይ ለአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንትነት ይወዳደሩ የነበሩት የአላስካ ገዥ ሳራ ፔሊን የያሁ ኢሜይላቸው ተጠለፈ። ጠላፊው የ20 ዓመት ተማሪ ነበር። ፓስወርዳቸውን አላወቀውም፣ ለመገመትም አልደከመም። «ፓስወርድ ረሳሁ» የሚለውን ተጫነ፤ ያሁ የትውልድ ቀን፣ የፖስታ ኮድና ከባለቤታቸው ጋር የት እንደተዋወቁ ጠየቀው። የእውቅ ሰው ታሪክ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል፤ መልሶቹን ፈልጎ ሞላና አዲስ ፓስወርድ አውጥቶ ገባ።

ብዙዎቻችን የምንጨነቀው ፓስወርዳችን እንዳይታወቅብን ነው፤ ማስመለሻውን ዞር ብለን አናየውም። እኛ ዘንድ ደግሞ የባሰ አለ። አዲስ ስልክ ሲገዛ ጂሜይሉን የሚከፍተው ብዙ ጊዜ የሞባይል ቤቱ ልጅ ነው። ፓስወርዱን እሱ ያወጣል፤ የማስመለሻ ስልክና ኢሜይል የሚሞላበትን ቦታ ባዶ ይተወዋል ወይም የመጣለትን ቁጥር ይሞላበታል። ባለቤቱ ስልኩ እስኪጠፋ ድረስ ምንም አይታወቀውም። ሲጠፋ ግን ፎቶውም፣ የሰው ቁጥሩም፣ በዚያ ኢሜይል የተከፈተው ፌስቡክም ተከትለው ይሄዳሉ።

ከፓስወርዱ ላይ በኤስኤምኤስ የሚላክ ኮድ መጨመር ፓስወርድ ብቻውን ከመሆኑ በብዙ ይሻላል። ሆኖም ኮዱ የሚመጣው ለእርስዎ ሳይሆን ለቁጥሩ ነው። ሌባ ሲሙን አውጥቶ ሌላ ቀፎ ውስጥ ቢከተው ኮዱ ለእሱ ይደርሰዋል፤ ሲሙ ላይ ፒን ማድረግ ይህን ይከለክላል። ከሪያድ ወይም ከቤይሩት ጠቅልለው የሚመለሱ ወገኖቻችንም ይህን ልብ ሊሉት ይገባል። የተውት ቁጥር ከጊዜ በኋላ ለሌላ ደንበኛ ሊሸጥ ይችላል፤ አዲሱ ባለቤትም በዚያ ቁጥር የቴሌግራም ኮድ ሊያስልክ ይችላል። አገር ቤት ገብተው አዲስ ሲም እንዳወጡ፣ ቴሌግራሙ ገና ክፍት ሳለ፣ ሰቲንግ ውስጥ ገብተው ቁጥሩን ይቀይሩ። መልእክቱ እንዳለ ወደ አዲሱ ቁጥር ይዛወራል። በዚያው ሁለተኛ ፓስወርድ ይጨምሩ፤ ማስመለሻ ኢሜይልም ማስገባት አይርሱ። ያለ ኢሜይሉ ፓስወርዱን ከረሱና በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካልገቡ፣ አካውንቱን ከነመልእክቱ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር ሊመጣ ይችላል።

ከኤስኤምኤስ የሚሻለው እንደ ጎግል ኦተንቲኬተር ያለ አፕ ነው። አሠራሩ ደስ ይላል። መጀመሪያ አካውንትዎ ያለበት ድርጅት የሚያሳይዎትን ኪውአር ኮድ ሲያነሱ አንድ ምስጢራዊ ቁጥር በስልክዎም በድርጅቱ ሰርቨርም ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ መላላክ አያስፈልጋቸውም፤ ያንን ምስጢርና የወቅቱን ሰዓት ይዘው ለየብቻ ያሰላሉ፣ በየ30 ሰከንዱም ያው ባለ 6 አሃዝ ኮድ ይወጣላቸዋል። ስለዚህ ኔትወርክ በጠፋበትም ይሠራል። አንድ ጣጣ አለው፤ የስልካቸውን ሰዓት በእጅ ነካክተው ወደ ሀበሻ ሰዓት የሚያዞሩ ሰዎች ስሌቱን በ6 ሰዓት ያዛቡታል፣ ኮዱም «ስህተት ነው» ሊባልባቸው ይችላል። ሰዓቱን በራሱ እንዲሞላ ይተዉት።

አፑ ያለበት ስልክ ቢጠፋስ? ጎግል ለዚህ 10 መጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል፤ እያንዳንዳቸው 8 አሃዝ ናቸው፣ የሚያገለግሉትም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ወረቀት ላይ ጽፈው ከልደት ካርድዎና ከትምህርት ማስረጃዎ ጋር ያኑሯቸው። ስክሪንሾት አንስቶ እዚያው ስልክ ላይ ማስቀመጥ ግን ከንቱ ልፋት ነው፤ ስልኩ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

አፕ ለምትሠሩ ወጣቶችም አንድ ቃል። የማስመለሻ ሊንክ አንድ ጊዜ ብቻ ይሥራ፣ በአጭር ጊዜም ይቃጠል። ኢሜይሉ ተመዘገበም አልተመዘገበም ለጠያቂው የሚሰጠው መልስ አንድ ይሁን፤ አለበለዚያ ማን ደንበኛችሁ እንደሆነ ለማንም ትናገራላችሁ። «የእናትህ ስም ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ደግሞ እባካችሁ ተዉት፤ መልሱን ሰፈር ሁሉ ያውቀዋል።

አንባቢ ሆይ፣ ዛሬውኑ ጂሜይልዎን ከፍተው «ሴኩሪቲ» የሚለው ውስጥ ይግቡና የማስመለሻው ቁጥር የማን እንደሆነ ይዩ። የእርስዎ ካልሆነ ወይም የተጣለ ሲም ከሆነ፣ ስልኩ በእጅዎ ሳለ ይቀይሩት።